«ኦፈር»፦ ከመሥዋዕት ተነሥቶ ገበያ የደረሰ ቃል

ምርት ተወቅቶ ወደ ጎተራ በሚገባበት ወቅት የአርሶ አደሩ ስልክ ደጋግሞ ይጮኻል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ድምፅ የነጋዴ ወይም የደላላ ነው። «ጋሼ፣ ለሰሊጥዎ ጥሩ ኦፈር አለኝ፤ ዛሬውኑ ይወስኑ፣ እንዳያመልጥዎ» ይላል። በከተማም ቃሉ እንግዳ አይደለም። ሥራ ፈላጊው ወጣት «ኦፈር ሌተር ደረሰኝ» ብሎ ለጓደኞቹ ያበሥራል። የልብስ መደብሩ «ልዩ ኦፈር» የሚል ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ ይለጥፋል። ልጇ ወደ ዓረብ ሀገር ለመሄድ ያሰበችባት እናት ደግሞ «ከወዲያ ጥሩ ኦፈር መጥቶላታል» ሲባል ትሰማለች።

በአራቱም ቦታ የተነገረው ቃል አንድ ነው፤ የተሸከመው ነገር ግን ይለያያል። አንዱ ዘንድ የዋጋ ጥሪ ነው፤ ሌላው ዘንድ የሥራ ግብዣ ነው፤ በመደብሩ መስኮት ላይ ቅናሽ ነው፤ በደላላው አፍ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ባዶ ተስፋ ነው። የቃሉን ትርጉም አጣርቶ አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ውል የሌለበትን ውል አለ ብሎ ምርቱን ለሌላ ገዢ ሳይሸጥ የሚጠብቅ አለ። ውል ያለበትን «ወሬ ብቻ ነው» ብሎ «እሺ» የሚልም አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የዚህን ቃል ነገር ከሥሩ መመልከት ይገባል።

የቃሉ ሥር

«ኦፈር» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ነው። የላቲኑ ግሥ «ኦፌሬ» ሲሆን ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው «ኦብ» ነው፤ «ወደ ፊት ለፊት»፣ «በፊት» የሚል ሐሳብ አለው። ሁለተኛው «ፌሬ» ነው፤ «ማምጣት»፣ «መሸከም» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «በሌላው ፊት አምጥቶ ማኖር» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ።

ቃሉ ወደ እንግሊዞች የገባው በገበያ በር አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን በር ነው። እ.ኤ.አ. በ597 በአውግስጢኖስ የሚመሩ መነኮሳት ከሮም ተልከው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ወደምትገኘው ኬንት ደረሱ። የክርስትና ትምህርት በምድሪቱ ሲስፋፋ የላቲን የቤተ ክርስቲያን ቃላትም አብረው ገቡ። «ኦፈር» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዋና ትርጉሙ «መሥዋዕት ማቅረብ» ነበር። በመሠዊያው ፊት የሚቀርበው ነገር ከአቅራቢው እጅ ወጥቶ በተቀባዩ ፊት ይቀመጥ ነበር።

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ሆነ። ፈረንሳይኛም ያንኑ የላቲን ቃል ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ስጦታን፣ ዋጋን፣ አገልግሎትንና ሐሳብን ለማቅረብ ጭምር ይጠቀምበት ነበር። ከዚህ በኋላ የእንግሊዝኛው ቃል ከመሠዊያው አጠገብ ወጥቶ ወደ አደባባይና ወደ ገበያ መጣ። የቀድሞው ትርጉሙ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ዛሬም በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን የሚሰጡት አስተዋጽኦ በዚሁ ቃል ዘር ይጠራል።

«ፌሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ለአርሶ አደሩ ሌላም ዘመድ አለው። ብዙ ፍሬ የምትሸከም ለም መሬት በእንግሊዝኛ «ፈርታይል» ትባላለች፤ ማዳበሪያው ደግሞ «ፈርቲላይዘር» ይባላል። ሁለቱም «መሸከም፣ ማፍራት» ከሚለው ከዚሁ ግሥ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ በማዳበሪያው ከረጢት ላይ የሚነበበው ቃልና ደላላው በስልክ የሚጠራው ቃል ከአንድ ግሥ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው።

በአማርኛስ?

አማርኛ ለዚህ ሐሳብ ከውጭ ቃል መዋስ አያስፈልገውም። «ማቅረብ» የሚለው ግሥ በቂ ነው፤ የተጓዘበት መንገድም ከላቲኑ ቃል ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። «ቀረበ» ማለት ወደ አጠገብ መጣ ማለት ነው፤ «አቀረበ» ደግሞ ወደ አጠገብ አመጣ ማለት ነው። ምግብ ይቀርባል፤ ሐሳብ ይቀርባል፤ ዋጋ ይቀርባል፤ አቤቱታ ይቀርባል። መሥዋዕትም እንዲሁ ይቀርባል። «ቍርባን» የሚለው ቃል ከዚሁ ከ«ቀረበ» ሥር ነው። በዕብራይስጥና በዓረብኛም ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል ለእግዚአብሔር የሚቀርበውን ነገር ያመለክታል።

የዘር ዝምድና የሌላቸው ሁለት የቋንቋ ቤተሰቦች መሥዋዕትንና የገበያን ዋጋ በአንድ ግሥ መጥራታቸው ምክንያት አለው። በሁለቱም ቦታ የሚፈጸመው ድርጊት አንድ ነው፤ የራስን ነገር አምጥቶ በሌላው ፊት ማኖርና መልሱን መጠበቅ ነው። የቀረበ ነገር ቅርብ ነው እንጂ ገና የተቀባዩ አይደለም። ተቀባዩ እጁን እስኪዘረጋ ድረስ በመካከል ይቆያል። የ«ኦፈር» ትርጉም እምብርት ይህ ነው፤ ሕጉም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

የሚመስሉት፣ ግን የሚለዩት ቃላት

ሐሳብ ማቅረብን የሚመለከቱ ሌሎች የእንግሊዝኛ ቃላትም አሉ፤ ከ«ኦፈር» ጋር መቀላቀል ግን አይገባቸውም። በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በወጣት ማኅበራት ዘንድ የተለመደው «ፕሮፖዛል» የመጣው «ወደ ፊት ማስቀመጥ» ከሚል የላቲን ሐሳብ ነው። ለውይይት የሚቀመጥ ዕቅድ ነው፤ ሊታረም፣ ሊቀነስ፣ ሊጨመርበት ይችላል። «ሰጀስት» የሚለው ግሥ ደግሞ በላቲን «ከሥር አምጥቶ ማቅረብ» የሚል መነሻ አለው፤ በዛሬው አገባቡ ምክር መስጠት፣ ሐሳብ መጠቆም ነው። ምክር የሰጠ ሰው ምክሩ ተቀባይነት በማግኘቱ ብቻ ዕዳ አይገባም። «ኦፈር» ግን ከእነዚህ ይከብዳል፤ «እሺ ካልከኝ እሰጥሃለሁ» የሚል ቃል በውስጡ አለ።

በገበያ ደግሞ «ቢድ» የሚባል ቃል አለ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ግሦች ነበሩ፤ አንዱ «መለመን፣ መጠየቅ»፣ ሌላው «ማቅረብ፣ ማሳወቅ» የሚል ትርጉም ነበራቸው። በዘመን ብዛት ድምፃቸው ተቀላቅሎ አንድ ቃል ሆኑ። በዘመናዊ የግብይት ማዕከል ቋንቋ «ቢድ» ገዢው እከፍላለሁ የሚለው ዋጋ ነው፤ «ኦፈር» ሻጩ እሸጣለሁ የሚለው ዋጋ ነው። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገዢና የሻጭ ወኪሎች በአንድ አዳራሽ ዋጋቸውን በድምፅ እየጠሩ፣ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ የሚገበያዩበት ነበር። በኋላ ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ተሸጋገረ፤ የሁለቱ ዋጋዎች ልዩነት ግን ያው ነው።

በዚህ አነጋገር ከሄድን ኦፈር ያለው ሰሊጡን የያዘው አርሶ አደር ነው፤ ደላላው ይዞ የመጣው ቢድ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ደላላው «ኦፈር አለኝ» ሲል አርሶ አደሩ ራሱን ተቀባይ ብቻ አድርጎ ይመለከታል። ነገር ግን እርሱም ዋጋ የመጥራት መብት ያለው አቅራቢ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ያዘጋጁትም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለዚህ ያ የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ የእያንዳንዱን ኢትዮጵያዊ ገበያተኛ ውል የሚገዛ ሐሳብ ሆነ ማለት ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 1681 ጀምሮ አንዱ ወገን የሚያቀርበው ሐሳብና ሌላው የሚሰጠው የመቀበል ቃል እንዴት ተገናኝተው ውል እንደሚሆኑ ያስረዳል።

በመጀመሪያ፣ ማቅረብም ሆነ መቀበል በጽሑፍ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በቃል፣ በተለመደ ምልክት ወይም ጥርጣሬ በማያስገባ ድርጊት ሊፈጸም ይችላል። በስልክ የተነገረ «እሺ» እንደ እህል ባለ በሚንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ላይ ሊያስገድድ ይችላል። «በዚህ ዋጋ እወስዳለሁ» ለተባለ ምርት መኪናው ሲመጣ ጆንያውን ማስጫን በድርጊት መቀበል ሊሆን ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ግን ከዚህ ይለያል፤ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መደረግ አለበት። የመሬት ነገር ደግሞ ከሁሉ የተለየ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ «ለመሬትህ ጥሩ ኦፈር አለኝ» የሚል ገዢ ሊገዛ የማይችለውን ነገር እየጠየቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ዝምታ መቀበል አይደለም። አንቀጽ 1682 ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። «እስከ ነገ ካልደወልክ ተስማምተሃል ማለት ነው» የሚል ነጋዴ በራሱ ቃል ሌላውን ሊያስር አይችልም። ሆኖም ልዩ ሁኔታ አለ። ሁለቱ ወገኖች ቀድሞውንም የንግድ ግንኙነት ካላቸው፣ ያንን ውል ለመቀጠል ወይም ለመለወጥ የቀረበ ሐሳብ በልዩ ጽሑፍ ደርሶ መልስ ካልተሰጠ እንደ ተቀባይነት ሊቆጠር እንደሚችል ተነግሮ ከሆነ፣ ዝምታ ሊያስገድድ ይችላል። ከአንድ ድርጅት ጋር በቋሚነት የሚሠሩ ማኅበራትና አምራቾች የሚደርሳቸውን ደብዳቤ ሳያነቡ እንዳያስቀምጡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ በአደባባይ የተለጠፈ ዋጋ ሁሉ በሕግ አነጋገር ኦፈር አይደለም። በአንቀጽ 1687 መሠረት የዋጋ ዝርዝር ማውጣት፣ ማስታወቂያ መለጠፍ ወይም ዕቃን ለሕዝብ ዕይታ መደርደር ለተወሰነ ሰው እንደ ቀረበ የውል ሐሳብ አይቆጠርም። የመደብሩ «ልዩ ኦፈር» ቃሉን ይዟል፤ የሕግ ክብደቱን ግን አልያዘም። ጨረታም እንዲሁ ነው። በአንቀጽ 1688 መሠረት ጨረታ ያወጣው ወገን ሐሳብ እንዳቀረበ አይቆጠርም፤ ዋጋ የሚጠሩት ተጫራቾች ናቸው አቅራቢዎቹ። ውሉ የሚፈጸመው ዕቃው ለአሸናፊው ሲወሰን ነው።

አራተኛ፣ ጊዜ የተቆረጠለት ቃል እስከ ቀኑ ድረስ ይጸናል። «እስከ ሐሙስ በዚህ ዋጋ እገዛለሁ» ያለ ነጋዴ ረቡዕ ላይ ዋጋ ቢወርድ እንኳ በቃሉ እንደሚታሰር አንቀጽ 1690 ይደነግጋል። ቀን ካልቆረጠ ደግሞ ተቀባዩ ለማሰብና ለመመለስ የሚበቃው ምክንያታዊ ጊዜ እስኪያልፍ ይታሰራል። ስለዚህ «እስከ መቼ?» የምትለው አጭር ጥያቄ ለአርሶ አደሩ የማሰቢያ ጊዜ ትገዛለታለች።

አምስተኛ፣ አዲስ ዋጋ መጥራት የመጀመሪያውን መጣል ነው። በገበያ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ነጋዴ 50 ኩንታል በቆሎ በኩንታል 4 ሺህ ብር ሊገዛ ሐሳብ ያቀርባል እንበል። አርሶ አደሩ «በ4 ሺህ 200 ከሆነ እሺ» ይላል። በአንቀጽ 1694 መሠረት ይህ መቀበል አይደለም፤ የቀረበውን አለመቀበልና አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ነጋዴው ዝም ብሎ ይሄዳል። በሳምንቱ የገበያው ዋጋ ሲወርድ አርሶ አደሩ ደውሎ «ቅድም ባልከኝ ውሰደው» ቢል ነጋዴው የመቀበል ግዴታ የለበትም። የመጀመሪያው ሐሳብ አዲሱ ዋጋ በተጠራ ጊዜ ከመካከል ወጥቷል። ዋጋ መከራከር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የገበያ ወግ ነው። ነገር ግን ዋጋ የሚከራከር ሰው የመጀመሪያውን እየለቀቀ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ማን ለማን ያመጣል?

የቃሉ ሥር ሌላም ጥቅም አለው፤ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ያግዛል። «ኦፈር» ማለት አምጥቶ ማኖር ከሆነ፣ የሚያመጣው አቅራቢው ነው። ተቀባዩ አስቀድሞ እንዲያመጣ የሚጠየቅ ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል ማለት ነው።

ይህ በተለይ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለሥራ ለመሄድ ለሚያስቡ ወጣቶች ትልቅ ቁም ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድን ዋስትናን ወጪ በአሠሪው ላይ አድርጎታል። በሠራተኛው ላይ የተተዉት እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉ ወጪዎች ናቸው። ሥራው የሚገኘውም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና በመንግሥት አካል በጸደቀ የሥራ ውል በኩል እንጂ በደላላ ቃል አይደለም። «ኦፈሩ ዝግጁ ነው፤ ለቪዛና ለትኬት ብቻ ይህን ያህል ብር አምጪ» የሚል ሰው ከአሠሪው ትከሻ ላይ አንሥቶ በልጅቱና በቤተሰቧ ትከሻ ላይ እየጫነ ነው። በሬ ተሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ የተከፈለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

በከተማ ለሥራ ፈላጊዎች የሚደርሰው «ኦፈር ሌተር»ም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባል። እውነተኛ የሥራ ሐሳብ የቀጣሪውን ማንነት፣ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ ሥራው የሚጀመርበትን ቀንና መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ ይዟል። እነዚህን ሳይዝ አስቀድሞ የ«መመዝገቢያ» ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ የሚያቀርበው ነገር የለውም፤ የሚወስደው እንጂ።

«እሺ» ከማለት በፊት

ለምርት ሽያጭም ሐሳቡ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዋጋው ብቻውን ኦፈር አይሞላም። ስንት ኩንታል? የጥራት ደረጃው ምንድን ነው? እርጥበቱና ቆሻሻው የሚለካው የት ነው፣ በማን ሚዛን? የጆንያው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የመኪናው ወጪ የማን ነው? ርክክቡ ደጅ ላይ ነው ወይስ መጋዘን? ክፍያው በዕለቱ ነው ወይስ በቀጠሮ? ቃሉ የሚጸናው እስከ መቼ ነው? እነዚህ ካልተመለሱ በኩንታል የተጨመረው ጥቂት ብር በመጓጓዣና በሚዛን ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። የተስማሙበትንም በአጭር ወረቀት ማስፈር ወይም በስልክ የጽሑፍ መልእክት መላላክ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ ይካዳልም።

የአካባቢው ወግም ለዚህ ጥሩ አርአያ አለው። ልጅ ለመጠየቅ የሚላኩ ሽማግሌዎች ከደጅ ደርሰው «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። የመጡበትን በግልጽ ይናገራሉ፤ የማን ልጅ ለማን ልጅ እንደሚጠይቅ ስም ጠርተው ያስረዳሉ። የልጅቱ አባትም በዚያው ዕለት «እሺ» አይሉም። «ዘመድ ላማክር» ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ፤ መልሱም በሰው ፊት ይነገራል። አቅራቢው የታወቀ፣ ጉዳዩ የተለየ፣ ጊዜው የተቆረጠ፣ መልሱ የተሰማ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ የዘረዘረውን ወጉ በደጅ ላይ ሲሠራበት ኖሯል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ደላላው «ዛሬውኑ ይወስኑ» ሲል፣ በጎተራው ውስጥ ያለው ሰሊጥ ገና የአርሶ አደሩ ነው። የቀረበው ዋጋም ገና በመካከል ያለ ነገር ነው። ልጅን ለመዳር ቀጠሮ የሚሰጥ ቤተሰብ የዓመት ምርቱን ለመሸጥም «እስከ መቼ ይጸናል?» ብሎ የመጠየቅ፣ ቤተሰብንና የማኅበሩን ሰዎች የማማከር መብት አለው።